አምስተኛው ሰው፦ ቅዳሴ የታጎለበት አንድ የገጠር አጥቢያ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴው ታጎለ፣ ማለትም ተቋረጠ፣ ሲባል ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው የካህናትን ጠብ ወይም የገንዘብ ችግርን ነው። እዚህ በተመዘገበው አጥቢያ ግን ቄሶቹ ሰላም ነበሩ፤ ቆርቆሮው አያፈስም፣ ሕዝቡም ከደጀ ሰላሙ አልራቀም። የጠፋው ልጅ ነው። ጧፍ ይዞ የሚቆም፣ «ተንሥኡ ለጸሎት» ብሎ የሚያነሣ ዲያቆን ጠፋ። ያንን ልጅ ለመመለስ ሦስት መንገድ ተሞክሮ ሦስቱም አልሠራም፤ አራተኛው ሠራ፣ እሱም በሁለት ዓመት። የሌላ አጥቢያ ሰበካ ጉባኤ ያንኑ ዙር እንዳይዞር ሂደቱ እስከ ስሕተቱ ተጽፏል። የቦታውና የሰዎቹ ስም ተትቷል።

አጥቢያው

ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ያለ፣ ገብስና ባቄላ የሚዘራበት፣ በግ የሚረባበት ቀበሌ ነው። ታቦቱ የቅዱስ ሚካኤል ነው። በሰበካው 140 ያህል አባወራ አለ። ወረዳ ከተማው በእግር አራት ሰዓት ይወስዳል። በቅርብ ያለው ሌላ አጥቢያ፣ ጊዮርጊስ፣ ሸለቆ ተሻግሮ አንድ ሰዓት ተኩል ነው።

ችግሩ ከመምጣቱ በፊት ሦስት ቄሶችና አምስት ዲያቆናት ነበሩ። ቄሰ ገበዙ ሃምሳውን ያለፉ፣ የንዋየ ቅድሳቱ ኃላፊ ናቸው። ሁለተኛው ገና ወጣት ቄስ ናቸው። ሦስተኛው ከ75 በላይ የሆኑ፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። ዲያቆናቱ ከ12 እስከ 21 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ነበሩ።

ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። ድሮ ካህን በሰሞኑ፣ ማለት በተራው ሳምንት፣ የሚያገለግልበት መሬት ነበረው፤ የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ ወዲህ ግን ቄሱ እንደ ማንኛውም ገበሬ የደረሰውን አርሶ ነው የሚያድረው። ከዚያ ውጭ ያለው ገቢ ከንስሐ ልጆቹ በዓል በመጣ ቁጥር የሚደርሰው፣ ከክርስትና፣ ከፍትሐትና ከተዝካር የሚገኘው ነው። ዲያቆኑ ያም የለውም። ልጅ ስለሆነ የሚያበሉት ወላጆቹ ናቸው፤ ካገለገለ በኋላ ሰንበቴ ላይ ዳቦና ጠላ ይቀምሳል፣ አለቀ። ለከተማ ሰው ይህን ማስረዳት ይከብዳል፤ የጉዳዩ ሥር ግን እዚህ ላይ ነው።

ለምን አምስት?

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ቅዳሴ ከአምስት ልዑካን (ቀዳሽ አገልጋዮች) ባነሰ አይቀደስም፦ ሁለት ቄሶች፣ ሦስት ዲያቆናት። ሰባት ወይም አሥራ ሦስት ሆኖ መቀደስ ይቻላል፤ አራት ሆኖ ግን አይቻልም። ቁጥሩ ለማዕረግ ብቻ የተቀመጠ አይደለም፤ እያንዳንዱ የሚይዘው ድርሻ አለ። የጳውሎስን መልእክት ሠራዒው (ዋናው) ዲያቆን ያነባል፤ የቀሩትን ሐዋርያት መልእክት ንፍቁ (ረዳቱ) ዲያቆን ያነባል፤ የሐዋርያት ሥራን ንፍቁ ቄስ፣ ወንጌልን ገባሬ ሠናዩ (ዋናው) ቄስ ያነባሉ። አምስተኛው መብራት ይይዛል። ውጭ ለሚሰማው ምእመን አምስተኛው ሰው ድምፅ የለውም፤ ሳይኖር ሲቀር ነው የሚታወቀው።

ሌሎች ሦስት ደንቦችም ልብ ይባሉ፤ ኋላ መፍትሔዎቹን ያሰናከሉት እነሱ ናቸው። አንደኛ፣ ልዑኩ ከቅዳሴው በፊት 18 ሰዓት ይጾማል። እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቁርባን የሚደርስ ከሆነ ልጁ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ወዲህ እህል ውኃ አይቀምስም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ልዑክ በአንድ ቀን ሁለት ቦታ አይቀድስም። ሦስተኛ፣ ክህነት የሌለው ሰው መቅደስ አይገባም። ከቅድስት፣ ከመካከለኛው ክፍል፣ ወዲያ ያለው መጋረጃ ለእሱ ዝግ ነው።

ዲያቆናቱ እንዴት አለቁ

በ18 ወር ውስጥ ከአምስቱ አራቱ ሄዱ። አንዱ አሥራ አንደኛ ክፍል ለመማር ወረዳ ከተማ ገባ። ሌላው አዲስ አበባ የቀን ሥራ አገኘ። ሦስተኛው በጅቡቲ አድርጎ ሳዑዲ ለመሻገር ወጣ። አራተኛው ያለ ቁርባን ትዳር ያዘ፤ ዲቁናው ፈረሰ። የቀረው የ13 ዓመት ልጅ ብቻ ነው።

ከአራቱ አንዱም ሃይማኖቱን ጠልቶ አልሄደም። ዲቁና በገጠር የልጅነት አገልግሎት ነው፤ ልጁ ሲጎለምስ ወይ በቁርባን አግብቶ ወደ ቅስና ያልፋል፣ ወይ ይመነኩሳል፣ ወይ ይወጣል። ስለዚህ ዲያቆን ሁልጊዜ ያልቃል። ያልተለመደው ከኋላ የሚተካ አለመኖሩ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፦ ፊደልና ዳዊት ያስተምሩ የነበሩት የኔታ ከስድስት ዓመት በፊት ዐርፈዋል፤ ተተኪ አልተፈለገም። በስድስት ዓመት አንድም አዲስ ልጅ ለዲቁና አልቀረበም። ሰበካ ጉባኤው ይህን ያየው ኋላ፣ የየልጁን የክህነት ጊዜ በወረቀት ላይ ሲደረድረው ነው።

ምን ቆመ፣ ምን አልቆመም

መጀመሪያ ላይ ሰው ነገሩን እንደ ትልቅ ችግር አላየውም፤ ለዚህም ምክንያት አለ። ሞት ሲመጣ ፍትሐት ይደረሳል፤ ለፍትሐት አምስት ሰው አያስፈልግም። ኪዳን ይደርሳል። ቄሱ ጠበል ይረጫል፣ ንስሐ ይቀበላል፣ የተጣላ ያስታርቃል። የካህኑ ማኅበራዊ ሥራ ሁሉ ቀጥሏል። ለቀስተኛውም ለባለ ተዝካሩም የጎደለ ነገር የለም።

የቆመው ክርስትና ማንሣት ነው። ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን ይጠመቃሉ፤ ሕፃኑ ተጠምቆ ሜሮን ከተቀባ በኋላ በዚያው ዕለት ይቆርባል፤ ቁርባን ደግሞ ያለ ቅዳሴ የለም። አራስ እናት ሕፃን አዝላ በሌሊት ሸለቆ እየተሻገረች ጊዮርጊስ መሄድ ጀመረች። ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ ሁለት ሕፃናት ቀናቸው አለፈ። ያን ጊዜ ነው እናቶች ተሰብስበው ቄሰ ገበዙ ደጅ የሄዱት። «ሙታችንን ትቀብራላችሁ፤ ልጆቻችንንስ ማን ያጥምቅልን?» አሉ ይባላል፤ ጉዳዩ አጀንዳ የሆነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ሁለተኛው የቆመ ነገር ሰንበቴ ነው። ሰንበቴ የሚበላው ከቅዳሴ በኋላ ስለሆነ፣ ቅዳሴ ሲታጎል ተረኛው ዳቦ መጋገሩን ተወ። በሳምንት አንድ ቀን እዚያ የሚበሉ ሦስት አቅመ ደካማ ሽማግሌዎችና አንዲት ዐይነ ስውር ነበሩ። የእነሱን መራብ ለወራት ያስተዋለ አልነበረም።

ያልሠሩት ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው ከከተማ ዲያቆን በገንዘብ መቅጠር ነበር። ከንግሥ ገቢ ተቆርጦ አንድ የ22 ዓመት ዲያቆን መጣ። ጥሩ ልጅ፣ ድምፀ መልካም። ግን ሒሳቡ ከመነሻው የተሳሳተ ነበር፦ ጎዶሎው ሁለት ሆኖ የተቀጠረው አንድ ነው። ሽማግሌው ቄስ በዲያቆን ቦታ ቆመው ቁጥሩን ይሞላሉ ተብሎ ታሰበ። ይህ በሥርዓቱ ይቻላል፤ የበላዩ ክህነት የበታቹን ሥራ ይሠራል። ይሁን እንጂ የ75 ዓመት ሰው በየሳምንቱ 18 ሰዓት ጾሞ መቆም አልቻለም፤ በሦስተኛው እሑድ ዞሮባቸው ግድግዳ ተደግፈው ጨረሱ። ተቀጣሪው ከፋሲካ በኋላ ወደ ከተማ ተመለሰ። ወጪው የንግሡን ገቢ ግማሽ ወሰደ።

ሁለተኛው ከጊዮርጊስ ዲያቆን መዋስ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ የከሸፈው ግማሹ ብቻ ነው። የሚካኤል ወርኃዊ በዓል በ12፣ የጊዮርጊስ በ23 ስለሆነ በወር በዓል አይጋጩም። በ12 የጊዮርጊስ ልጆች መጥተው ይቀድሳሉ፤ በ23 የሚካኤል ቄሶች ሄደው ያግዛሉ። ይህ እስከ ዛሬ ይሠራል። እሑድ ግን አልሆነም፤ አንድ ልጅ በአንድ ቀን ሁለት ቦታ አይቀድስምና እሑድን በተራ እናድርገው ተባለ። የጊዮርጊስ ምእመናን «የእኛ ታቦት ስለ ማን ይታጎላል?» አሉ፤ እውነት አላቸው። ልደት፣ ጥምቀትና ትንሣኤ ላይ ደግሞ ተራ የሚባል ነገር የለም። መዋዋስ የሚሠራው በማይገጥሙ ቀኖች ብቻ ነው።

ሦስተኛው መጻፍ የሚያሳፍር ነው፤ ብዙ ቦታ በዝምታ ስለሚደረግ ግን ይጻፍ። ሦስት ቄስና አንድ ዲያቆን ሆኑ፣ አራት። አምስተኛ መብራት ያዥ ሆኖ የወጣቱ ቄስ የወንድም ልጅ፣ ክህነት የሌለው፣ ልብሰ ተክህኖ ለብሶ ገባ። ሁለት እሑድ አለፈ። በሦስተኛው ቅኔ ማኅሌት ላይ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ልጁ ዲቁና እንዳልተቀበለ ያውቁ ኖሮ ነገሩን አወጡት። ወረዳ ቤተ ክህነት ደብዳቤ ጻፈ፤ ወጣቱ ቄስ ተገሥጸው ቀኖና ተቀበሉ፤ ቅዳሴው ጭራሽ ቆመ። ከሁሉ የከፋው ጉዳት የእምነት ማጣት ነው፤ በእነዚያ ሁለት እሑዶች የቆረቡ ሰዎች «የኛ ቁርባን ምን ሊባል ነው?» እያሉ ወራት ጠየቁ።

የሠራው መንገድ፦ የኔታን ማምጣት

ሰበካ ጉባኤው በመጨረሻ ዲያቆን መፈለጉን ትቶ ዲያቆን የሚያወጣ ሰው ወደ መፈለግ ዞረ። ጉባኤ ቤት ይተከል ተባለ፤ የንባብና የግብረ ዲቁና ትምህርት፣ 12 ልጅ።

መምህሩን መምረጥ ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ የቀረቡት መምህር ቄስ ነበሩ። ሦስቱ ቄሶች ፊት ለፊት አልተቃወሙም፤ ግን ነገሩ ይጓተት ጀመር። ስጋታቸው የንስሐ ልጅ ነው፦ አዲስ ቄስ ከመጣ አባወራው ተከፋፍሎ ወደ እሱ ይሄዳል፣ ቀድሞውኑ ቀጭን የሆነው ገቢያቸው ይበልጥ ይቀጥናል። ይህን ማንም በስብሰባ ላይ አይናገረውም። የጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር፣ ገበሬ ናቸው፣ ገብቷቸው ክህነት የሌላቸው መሪጌታ ፈለጉ። ተቃውሞው በሳምንት ውስጥ ጠፋ። ዋጋው፣ መሪጌታው ራሳቸው ከአምስቱ አንዱ ሆነው መቆም አለመቻላቸውና መቅደስ ገብተው ልጆቹን ማሳየት አለመቻላቸው ነው። ስለዚህ ሥራው ተከፈለ፦ የኔታ ንባቡንና ዜማውን ያስተምራሉ፤ ቄሰ ገበዙ የውስጡን ሥርዓት፣ ጻሕልና (የኅብስቱ ሳሕን) ጽዋ አያያዙን፣ ጽናው (የዕጣን ማጠኛው) እንዴት እንደሚቀርብ፣ ቤተልሔም ውስጥ ስንዴው እንዴት ተቦክቶ ኅብስቱ እንደሚጋገር፣ ዘቢቡ ስንት ሰዓት እንደሚዘፈዘፍ ያሳያሉ።

ያልታሰበው ችግር ዜማ ነው። የኔታ የደብረ ዓባይን፣ ቄሶቹ የሰለልኩላን የቅዳሴ ዜማ ነበር የሚያውቁት። ዲያቆንና ቄስ እየተቀባበሉ ስለሚሉት፣ አንዱ በአንድ፣ ሌላው በሌላ ሲሄድ ጆሮ ይጎረብጣል። ሁለት ወር ከባከነ በኋላ ነው የታወቀው። የኔታ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ከቄሰ ገበዙ ዘንድ ቁጭ ብለው ሰለልኩላን ተማሩ። ይህን የማያደርግ መምህር ብዙ ነው፤ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

እህሉ

ልጅ ለማስተማር ከመጽሐፍ በፊት ጎተራ ያስፈልጋል። ሒሳቡ እንዲህ ተሠራ። ለአንድ ልጅ በቀን ግማሽ ኪሎ እህል፣ በወር 15 ኪሎ። ለ12 ልጅ በወር 180 ኪሎ፣ በዓመት ከ21 ኩንታል በላይ። ከዚህ ሲሶው ያህል ከሰንበቴና ከልመና ይገኛል ተባለ። የቀረው 14 ኩንታል ለ140 አባወራ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 10 ኪሎ ይደርሳል። ለየኔታ ደግሞ በዓመት 6 ኩንታል ገብስና 2 ኩንታል ባቄላ፣ ከባሕር ዛፍ ሽያጭ እየተገዛ እንዲሰጥ ተወሰነ። ቤተ ክርስቲያኑን የከበቡት ወይራና ጽድ እንዳይነኩ በቃለ ጉባኤ ተጻፈ።

በመጀመሪያው ዓመት ከ14ቱ ኩንታል የገባው 9 ነው። ስስት የመሰለው ነገር ሲጣራ መለኪያ ሆኖ ተገኘ። ሰው በቁና ነው የሚሰፍረው፤ የአንዱ ቤት ቁና ከሌላው አይገጥምም። «እኔ ሁለት ቁና ሰጠሁ፣ እሱም ሁለት፣ ግን የሱ ቁና ትንሽ ናት» የሚለው ክርክር ሰውን አሳዘነ፤ ኋላ የቀረውም «ሌላው ሳይሞላ እኔ ለምን?» አለ። በሁለተኛው ዓመት አንድ ቁና ተሰፍቶ፣ በሚዛን ተለክቶ፣ ዕቃ ቤት ተሰቀለ። መሰብሰቡም ለየጽዋ ማኅበሩ ተሰጠ፤ ማኅበርተኛ ማን እንዳልሰጠ ያውቃልና። የገባው 13 ኩንታል ሆነ።

በልመናው ላይ ሰበካ ጉባኤውና የኔታ አልተስማሙም ነበር። ሽማግሌዎቹ «እህል ከሰጠን ልጆቹ አኮፋዳ ይዘው ደጅ ለደጅ ለምን ይዞራሉ? ለአጥቢያው ነውር ነው» አሉ። የኔታ ደግሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ያላለ ተማሪ ትምህርቱ አይረጋም የሚል ጽኑ ሐሳብ አላቸው። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንዲለምኑ ተስማሙ። ከውጭ ሲታይ የየኔታ ሐሳብ ግትርነት ይመስላል፤ በተግባር ግን ልጆቹን ከየቤቱ ጋር ያስተዋወቃቸው ልመናው ነው። ሴቶቹ ልጆቹን በስም ጠርተው «ዛሬ ማን ቀረ?» ይሉ ጀመር። ውሻ የነከሰው ልጅ ግን አለ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ዱላ ይዘው ነው የሚወጡት።

ትምህርት ቤቱና እከኩ

ከ12ቱ ልጆች አምስቱ የአጥቢያው፣ ሰባቱ ከሌላ ወረዳ የመጡ ናቸው። የአጥቢያው ወላጆች ዋና ፍርሃት የመንግሥት ትምህርት ቤት መቅረት ነበር። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ስለሚሠራ ልጆቹ ሁሉ በጠዋቱ ፈረቃ እንዲመዘገቡ ከርእሰ መምህሩ ጋር ንግግር ተደረገ። ጉባኤ ቤቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ከዚያ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ሆነ። ይህ ባይሆን ኖሮ አምስቱ ልጆች በመጀመሪያው ሴሚስተር ይወጡ ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን አጨዳ ስለሚጠራቸው የአጥቢያው ልጆች ግማሽ ቀን ይቀራሉ፤ የኔታ እነዚህን ሁለት ወራት ለከለሳ ሰጧቸው።

በአምስተኛው ወር እከክ ገባ። 12 ልጅ በሁለት ጎጆ ያድራል፤ ደበሎውን፣ የበግ ቆዳ ልብሱን፣ ይዋዋሳሉ። ስምንቱ ተያዙ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቅባት አምጥታ የሚያሳክካቸውን ስምንቱን አከመች፤ በሦስት ሳምንት ተመልሶ መጣ። ምክንያቱ ሁለት ነው፦ ያላሳከካቸው አራቱ ተሸክመውት ነበር፤ ደበሎውም አልጸዳም። ሁለተኛው ጊዜ 12ቱም በአንድ ሌሊት ተቀቡ፤ ልብሱ ሁሉ ተቀቀለ፤ የማይቀቀለው ደበሎ በጆንያ ታስሮ አንድ ሳምንት ያለ ሰው ተቀመጠ። ከዚያ ጠፋ። ጉባኤ ቤት የሚተክል ሁሉ ከጎጆው ጋር መጸዳጃና የልብስ ማጠቢያ ቦታ አብሮ ያስብ።

ወደ ጳጳሱ

ዲቁና የሚሰጠው ሊቀ ጳጳሱ ነው፤ አጥቢያው የሚችለው ልጁን ማዘጋጀት ብቻ ነው። በ16ኛው ወር አምስት ልጆች ቀረቡ። የተጠየቀው ወረቀት ሦስት ነው፦ የመምህሩ ምስክርነት፣ የሰበካ ጉባኤው ደብዳቤ፣ የወረዳ ቤተ ክህነት ድጋፍ። ከሌላ ወረዳ የመጡት ልጆች ግን ከትውልድ አጥቢያቸው ክርስትና መነሣታቸውን የሚመሰክር ወረቀት ተጨማሪ ተጠየቁ። ማንም አላሰበውም፤ ሁለት ወር ፈጀ። ልጁ ጉባኤ ቤት በገባ ቀን ወረቀቱን ይዞ ቢመጣ ኖሮ ይህ ጊዜ ባልጠፋ።

ከአምስቱ ሦስቱ አለፉ። የወደቁት ሁለቱ ዳዊት ያነባሉ፤ ግን የዲያቆኑን ድርሻ በቃላቸው አልያዙም፣ ከመጽሐፍ ይመለከቱ ነበር። በስድስት ወር ተመልሰው ቀርበው አለፉ።

የመጀመሪያው ሙሉ ቅዳሴ ዋዜማ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ሆነ። ልብሰ ተክህኖው ሁሉ ለጎረምሳ የተሰፋ ነው፤ አዲሶቹ ትልቁ 14 ዓመቱ ነው። ቀሚሱ መሬት ይጎትታል፣ ልጁ ጧፍ ይዞ ሲረግጠው ይወድቃል። ቅዳሜ ከሰዓት እናቶች ደጀ ሰላም ቁጭ ብለው ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፈው ጠለፉት፤ ሲያድጉ እንዲፈታ ብለው ጨርቁን አልቆረጡትም። ልጆቹ ከ8 ሰዓት በፊት እንዲበሉ የመጨረሻውን ምሳ ያቀመሷቸውም እነሱ ናቸው።

ውጤቱ በሦስተኛው ዓመት

ችግሩ ከባድ በነበረበት ዓመት ከእሑዶቹ የተቀደሰባቸው 11 ናቸው። በሦስተኛው ዓመት 47 ሆኑ። ክርስትና በቀኑ ይነሣል። ሰንበቴው ተመልሷል፤ ሽማግሌዎቹና ዐይነ ስውሯ ቦታቸው ላይ ናቸው። ከጉባኤ ቤቱ ሰባት ልጆች ዲቁና ተቀብለዋል። ከእነሱ ሁለቱ ቅኔ ለመማር ጎጃም ወርደዋል፤ አንዱ ትቶ ከተማ ገብቷል፤ አራቱ ያገለግላሉ። የ13 ዓመቱ የቀድሞ ዲያቆን አሁን 17 ሞልቶት አለቃቸው ሆኗል።

ሁለቱ ወደ ቅኔ ቤት ሲሄዱ ሰበካ ጉባኤው ውስጥ «አብልተን አስተምረን ለሰው አገር?» ያለ ነበረ። የተማሪ ነገር ግን እንደዚህ ነው፤ ለዚህ አጥቢያ ያገለገሉት ሰባቱም ልጆች አብዛኞቹ የሌላ አጥቢያ ልጆች ናቸው። የጎንደር ወይም የጎጃም ገበሬም ያለ ዝምድና የሚያበላው ተማሪ አለ።

ለሌላ አጥቢያ የሚጠቅም

ከሁሉ በፊት የልጆቹን ዕድሜ ጻፉ። ቅዳሴ የሚታጎልበት ቀን ከአራት ከአምስት ዓመት በፊት ይታያል፦ ከ15 ዓመት በታች የሆነ ዲያቆን ወይም ተማሪ ከሌላችሁ ሰዓቱ መቁጠር ጀምሯል። ሦስት ዲያቆን ለሚፈልግ ቦታ ስድስት መያዝ ያስፈልጋል፤ አንዱ ይታመማል፣ አንዱ ፈተና አለበት፣ አንዱ ቅዳሜ ሳያውቅ ከ8 ሰዓት በኋላ ቆሎ ይቆረጥማል። የመጨረሻው ቀልድ ይመስላል፤ በዚህ አጥቢያ ሁለት እሑድ ያስታጎለው እሱ ነው።

በገንዘብ አንድ ዲያቆን ከመቅጠር ያው ገንዘብ ለየኔታ እህል ቢሆን ይሻላል። መምህሩ ከመምጣታቸው በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ የየትኛው ዜማ ናቸው? ክህነት አላቸው ወይ? ካላቸው የንስሐ ልጅ ጉዳይ እንዴት ይሆናል? ሦስተኛው ጥያቄ በስብሰባ ላይ ሳይሆን ከቄሶቹ ጋር ለየብቻ ይነገር።

እህል በአንድ መለኪያ ይሰፈር። ጎረቤት አጥቢያን ስትጠይቁ እሑድን አትጠይቁ፤ የወር በዓል ጠይቁ። ክህነት የሌለውን ልጅ «ለዛሬ ብቻ» ብላችሁ አታስገቡ።

ያልተፈታው

ዲያቆን ተገኘ፤ አሁን የሚያሰጋው የቄሱ ቁጥር ነው። ሽማግሌው ቄስ በዚህ ዓመት ዓይናቸው ጨርሶ ስለ ጠፋ ከሰሞን ተራ ወጥተዋል። የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ቅዳሴው ሁለት ይፈልጋል። ቄሰ ገበዙ በታመሙ ወይም ወጣቱ ቄስ ኀዘን በደረሰባቸው እሑድ፣ ስድስት ዲያቆን ቢቆምም ቅዳሴ የለም። ከዲያቆናቱ ለቅስና የቀረበው ትልቁ ልጅ ነው፤ እሱ ግን 17 ዓመቱ ነው፤ ከቅስና በፊት በቁርባን ማግባት አለበት፣ ከቅስና በኋላ ማግባት የለምና። በሕግ ደግሞ 18 ሳይሞላ ጋብቻ የለም። አባትየው ከጊዮርጊስ ማዶ አንዲት ልጅ አይተው ሽማግሌ ለመላክ አስበዋል። ልጁ ግን እንደ ጓደኞቹ ቅኔ ቤት መውረድ እንደሚፈልግ ለየኔታ ነግሯቸዋል፤ የኔታም እስካሁን ለሰበካ ጉባኤው አልተናገሩም።